የመመለሻው ዋጋ አልተጻፈም

ቴሌግራም ላይ የሚለቀቁትን የተራራ ጉዞ ማስታወቂያዎች ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ከላይ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እጁን የዘረጋ ሰው ፎቶ አለ። ከሥሩ የመነሻ ቀንና ቦታ፣ ከዚያ «ዋጋው የሚያካትተው» ተብሎ ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ድንኳን፣ የፓርክ መግቢያ፣ ስካውት፣ ፎቶግራፈር ይዘረዘራል። መጨረሻ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና «ቦታ ሳይሞላ ይፍጠኑ»። እኔ እነዚህን ማስታወቂያዎች ሰው የሥራ ማስታወቂያ በሚያነብበት ትጋት ነው የማነባቸው። እስካሁን አንዱም ላይ ያላየሁት መስመር አለ፤ «እስከዚህ ሰዓት እዚህ ቦታ ካልደረስን እንመለሳለን» የሚል።

ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለኔ ግን ነፋስ የሚያፏጭበት ከፍ ያለ የተራራ በር የሚያቋርጥ ጉዞ በደንብ መታቀዱን የሚነግረኝ ከጃኬቱም ከጫማውም በፊት ይሄ መስመር ነው። መቼ እንመለሳለን? ማን ይወስናል? ከተመለስንስ ኪሳራው የማን ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቀውም። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መሰለኝ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

እኔና ስምንት ጓደኞቼ ለጥር እያቀድን ነው። ሐሳቡ ጥምቀትን ጎንደር አክብረን፣ ወደ ደባርቅ ወጥተን፣ ስሜን ተራሮችን በእግር አቋርጠን፣ የቧሂትን በር ተሻግረን ራስ ደጀን መድረስ ነው። የኤክሴል ሠንጠረዡ የኔ ሥራ ሆኗል (ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ያለበት ቡድን ውስጥ ሒሳቡ ለማን እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ)። ስለዚህ የምጽፈው ከዳር ሆኜ አይደለም፤ በግሩፓችን ውስጥ ገና እየተጨቃጨቅንበት ያለ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ስለ በሩ። ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ጣርማ በርን ያውቃል። ከደብረ ሲና በላይ ጉሙ መኪናውን ይውጠውና ነፋሱ መስኮቱን መነቅነቅ ይጀምራል፤ ጣልያን እዚያ ተራራውን ዋሻ የበሳው ቢቸግረው ነው። ስሜን ውስጥም ሳንቃ በር የሚባል ካምፕ አለ። በር በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለ ዝቅ ያለ መተላለፊያ ነው፣ ስለዚህ ከጫፍ የሚቀል ይመስላል። ለእግር ይቀላል። ለእቅድ ግን ከጫፍ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ማዶ አለው።

ቁጥሮቹን እዩአቸው። ጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የቧሂት በር 4,200 ሜትር ገደማ። ከበሩ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ መሸሃ ወንዝ ሲደርስ 2,800 ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ አምቢኮ 3,200 ሜትር ገደማ ይወጣል። ራስ ደጀን የሚወጣው በማግስቱ ከአምቢኮ ተነስቶ ነው። ጫፍ ላይ ብትታመሙ መመለስ ማለት መውረድ ነው፤ የሚያድናችሁም የሚቀላችሁም አንድ አቅጣጫ ነው። በር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከበሩ ወዲህ ያመመው ሰው ሁለት ሰዓት ባልሞላ ቁልቁለት ጨነቅ ይገባል። ከበሩ ወዲያ መሸሃ ወንዝ ዳር ያመመው ሰው ግን ወደ መኪናው፣ ወደ ካምፑ፣ ወደ ደባርቅ ሐኪም ለመመለስ 1,400 ሜትር ዳገት አለበት። ያውም በዚያው ነፋስ ውስጥ።

ስለዚህ በሩ ላይ የምትረግጡት አንድ እርምጃ የመመለሻውን ዋጋ በአንድ ጊዜ ያንረዋል። ገበያ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ብናይ «ቆይ እስቲ» እንላለን። ተራራ ላይ ግን የምንለው «ደረስን! ፎቶ!» ነው።

አንድ ጓደኛዬ እዚህ ጋ አቋረጠኝ። የጠጠር መንገዱ እኮ በሩን አልፎ ወደ ጃናሞራ ይሻገራል፣ አልፎ አልፎ የጭነት መኪና አይጠፋም አለኝ። ልክ ነው። ግን «አልፎ አልፎ» ላይ እቅድ አይሠራም። የጭነት መኪና ከመጣ እንደ ሎተሪ እንቁጠረው፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ግን አላስገባሁትም።

ወደ ነፋሱ ልምጣ፣ የብዙዎቻችን ግምት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ቀን ላይ ፀሐይ የቆላውን ተዳፋት ስታሞቀው አየሩ ይቀልና ገደሉን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ተራራው ግድግዳ ሆኖ ያግደዋል፤ ክፍተት የሚያገኘው በሩ ላይ ነው። ውሃ የሚወርድበትን ጎማ ጫፉን በጣታችሁ ስትጫኑት ውሃው እንዴት እንደሚስፈነጠር አስቡ። በሩ ላይ ያለው ነፋስ ከግራና ቀኙ የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው። ላብ ያጠመቀው ቲሸርት የለበሰ ሰው ዳገቱን ሲጨርስ የሚቀበለው ይሄ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው የሚወጣው አየር እርጥበቱን ይዞ ስለሚመጣ ጉም ይሆናል። ጠዋት ጥርት ብሎ የታየው መንገድ 8 ሰዓት ላይ አሥር ሜትር እንኳ ላያሳይ ይችላል።

ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ አፕ ይሄን አይነግራችሁም። «ደባርቅ» ብላችሁ ስትፈልጉ የሚያሳያችሁ የከተማዋን ነው፣ ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ራሳችሁ ሥሩት። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ከደባርቅ እስከ በሩ 1,350 ሜትር አለ፣ ስለዚህ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ቀንሱ። አፑ ጠዋት 10 ዲግሪ ካለ በሩ ላይ 1 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ከዚያ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ጨምሩበት። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት የነፋስ ቅዝቃዜ ቀመር መሠረት ፊታችሁና ጣታችሁ የሚሰማቸው ከዜሮ በታች 6 ነው። እንዲያውም ይሄ ልብሳችሁ ደረቅ ከሆነ ነው።

ሰው በብርድ የሚሞተው በረዶ ባለበት አገር ብቻ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ቻይና ጋንሱ ግዛት ውስጥ የተደረገ የ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ነበር። 172 ሯጮች ጀመሩ፣ 21 ሞቱ። ቦታው ከአዲስ አበባ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ያለው ነው። ኃይለኛ ነፋስ፣ ዝናብና የበረዶ ጠጠር የመጣባቸው መኪና የማይደርስበት የተጋለጠ ዳገት ላይ ሳሉ ነው። ከሟቾቹ መካከል የአገሪቱ ስመ ጥር ሯጮች ነበሩ፤ የጉልበት ማነስ አልነበረም ችግሩ። ነፋስ የማያስገባ ጃኬት በውድድሩ ዝርዝር ላይ «ቢኖር ይመረጣል» ተብሎ ነበር እንጂ ግዴታ አልነበረም። ስድስት ሯጮችን ያዳናቸው ዋሻ ውስጥ የተጠለለ አንድ በግ ጠባቂ ነው።

ይሄን ታሪክ ለግሩፓችን ከላክሁ በኋላ ጃኬቱ ሠንጠረዡ ላይ ከ«የግል» ወደ «ግዴታ» ተዛወረ። አዲስ መግዛት የግድ አይደለም፤ ሰልቫጅ ተራ ዞር ዞር ካላችሁ ጥሩ ነገር ይገኛል፣ ገዝታችሁ ሻወር ሥር ቆማችሁ ሞክሩት። ውስጡ ሱፍ ወይም ፍሊስ ይሁን። ጋቢ ማታ ካምፕ ውስጥ ወደር የለውም፣ እኔም ይዤ ነው የምሄደው፤ ግን ጥጥ ነው፣ ከረጠበ ሙቀታችሁን የሚሰርቃችሁ እሱ ነው። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር ባና የሚሠራው አላዋቂ ሆኖ አይደለም። ደግሞ ጃኬት የሚለበሰው በሩ ላይ ተደርሶ አይደለም። ሩብ ሰዓት ሲቀር፣ ከለላ ያለበት አለት ሥር ቆም ብሎ፣ ላብ ያረጠበውን ቀይሮ፣ የሆነ ነገር በልቶ ነው። በሩ ላይ ዚፕ የሚፈልግ ጣት ዚፑን አያገኘውም።

ሁለተኛው የምንሸውድበት ነገር ቀን ነው። ማንኛውም የጉዞ በጀት ውስጥ ዋናው ወጪ ቀን ነው፤ ስካውት በቀን፣ በቅሎ በቀን፣ ምግብ ማብሰያው በቀን፣ የፓርኩ ክፍያ በቀን። ዋጋ ለመቀነስ የፈለገ አዘጋጅ መጀመሪያ የሚቆርጠው ቀን ነው። መኪና ጨነቅ ድረስ ስለሚገባ መቁረጡ ይቻላል፤ ዓርብ ጎንደር፣ ቅዳሜ ጨነቅ፣ እሑድ በሩ። ፖስተሩ ላይ «ሥራ ላላቸው ተስማሚ» ይባላል።

ሰውነት ግን በዚህ ካሌንደር አይሠራም። የከፍታ ሕክምና ባለሙያዎች የሚሰጡት የተለመደ ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ዕረፉ የሚል ነው። የድሮው የእግር መንገድ፣ ደባርቅ፣ ሳንቃ በር 3,250 ገደማ፣ ግጭ 3,600 ገደማ፣ ከዚያ ጨነቅ፣ ያለ ምንም ሳይንስ ይሄንኑ ያከብራል። በመኪና ዘልለን የምናልፈው የመሬት አቀማመጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ መድኃኒቱን ነው።

«እኛ እኮ አዲስ አበቤዎች ነን፣ 2,350 ሜትር ላይ ነው የምንኖረው፣ ፈረንጅ ነው የሚታመመው» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰማሁት! እውነትነት አለው፣ ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው የተሻለ መነሻ አለን። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በሩ ላይ ግን ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሰውነታችን የለመደው አዲስ አበባን እንጂ ቧሂትን አይደለም።

ለክርክሩ የሚሆን አንድ ደስ የሚል ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ ስሜን ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ነበር። የጠበቁት እንደ ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ብሎ፣ ወይም እንደ ቲቤቶች በደማቸው ያለው ኦክስጅን አንሶ ለማግኘት ነው። ያገኙት ግን ሁለቱም ባሕር ጠረፍ ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ነው። ይሄን ጓደኞቼ ሲያነቡ «ይኸው!» አሉ። ቆይ እንጂ። ጥናቱ የተሠራው እዚያው ተወልደው እዚያው ባደጉ የስሜን ገበሬዎች ላይ ነው። አምስት ዓመት ቢሮ ተቀምጦ ሊፍት የሚጠብቅ የቦሌ ልጅ በስማቸው አይመዘገብም።

ይሄ «የአካባቢው ሰው በኮንጎ ጫማ ይሻገረዋል» ለሚለው ሙግትም መልስ ይሆናል። አዎ ይሻገረዋል። እህል ጭኖ፣ ገበያ ውሎ፣ ማታ ይመለሳል። ግን ሲሻገር ምን እንደሚያደርግም እንይ። ሌሊት ተነስቶ ከነፋሱ በፊት ያልፋል። የትኛው ድንጋይ ሥር ከለላ እንዳለ ያውቃል። ደመናው ካላማረው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ወይም ነገ ይሄዳል። ነገም መንገዱ የሱ ነው። እኛ ግን ሰኞ ቢሮ መግባት አለብን፣ አውቶቡሱ ተከፍሎበታል፣ ፖስት ይደረጋል ተብሎ ቃል የተገባ ፎቶ አለ። ከገበሬው የምንለይበት ትልቁ ነገር ሳንባው አይመስለኝም። እሱ መመለስ አያስከፍለውም፣ እኛን ግን ያስከፍለናል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ትምህርት ቤት የሰጠመ ወጪ የሚባል ነገር ያስተምሩናል፤ አንዴ የወጣና የማይመለስ ብር ለሚቀጥለው ውሳኔ መግባት የለበትም። ፈተና ላይ ሁላችንም እንመልሰዋለን። ሕይወት ላይ ግን ትኬት የገዛንበትን አሰልቺ ፊልም እስከ መጨረሻው እናየዋለን። ሲኒማ ውስጥ ኪሳራው ሁለት ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1996 ኤቨረስት ላይ ኪሳራው የሰው ነፍስ ሆነ። አንዳንዶቹ ተጓዦች እስከ 65,000 ዶላር ከፍለው ነበር። ቢዘገይ ቢዘገይ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የትም ቢሆኑ መመለስ እንዳለባቸው ተነግሯቸው ነበር። ሰዓቱ አለፈ፣ መውጣቱ ቀጠለ፣ ማዕበሉ መጣ። ስምንት ሰዎች ሞቱ፣ ከነሱ መካከል ሁለቱ የየቡድናቸው መሪዎች ናቸው። ከሟቾቹ አንዱ ከዓመት በፊት ጫፉ አጠገብ ደርሶ የተመለሰ ደንበኛ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ወይም ደፋሮች ስለነበሩ አይደለም። ሰዓቱ የተጻፈ ነበር፣ ግን እዚያ ላይ ሆኖ የሚያስከብረው ሰው ሁሉ ከመመለስ ይልቅ በመቀጠል የሚያተርፍ ነበር።

የኛ አገር ጉዞዎች በዚህ ከፍታ ላይ አይደሉም፣ ማጋነን አልፈልግም። አሠራሩ ግን ያው ነው። አዘጋጁ ገበያ የሚያገኘው በሚቀጥለው ፖስተር ላይ በሚወጣው ፎቶ ነው፣ ፎቶው ደግሞ በሩን ያለፈ ቡድን ፎቶ ነው። ጥርት ያለ ቀን ብቻ ስለሚለጠፍ ቀጥሎ የሚመጣው ተጓዥ በሩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ይመስለዋል። ጉም በዝቶበት የተመለሰ ቡድን ፎቶውን ለማን ያሳያል? ተጓዡም ከፍሏል። ስካውቱና የበቅሎ ነጂዎቹም ከተመለስን የቀረው ቀን አይከፈለንም ብለው ከሰጉ «ትንሽ ነው የቀረው» ይላሉ፣ ይሄን በማለታቸው ልወቅሳቸው አልችልም፤ ቤተሰብ አላቸው። ሁሉም ሰው ለየብቻው ምክንያታዊ ነው፣ ውጤቱ ግን ማንም ያልፈለገው ነው። አቅጣጫችንን መቀየር ከፈለግን ማስጠንቀቂያ ከመለጠፍ ይልቅ ክፍያውን ማስተካከል ነው ያለብን።

እኛ የሞከርነው እንዲህ ነው። የመመለሻ ሰዓት አወጣን፣ ከኋላ ወደ ፊት ቆጥረን። ጥር ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ትጨልማለች። ከበሩ አምቢኮ ድረስ እንደኛ ላለ ቀርፋፋ ቡድን ስድስት ሰዓት ያዝን። አንድ ሰዓት ለማይታወቅ ነገር። ቀረ 5 ሰዓት። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የመጨረሻው ሰው በሩ ላይ ካልቆመ ሁላችንም ወደ ጨነቅ እንመለሳለን። «የመጨረሻው ሰው» የሚለው ቃል ላይ አንድ ሙሉ ምሽት ተጨቃጭቀናል፣ ምክንያቱም ፈጣኖቹ ቡድኑ ለሁለት ይከፈል ይሉ ነበር። ስካውቱ ለሁለት ስለማይከፈል ሐሳቡ ወደቀ።

ከዚያ ማንኛችንም ምክንያት ሳንሰጥ «እንመለስ» ማለት እንችላለን አልን። ይሄ ለብዙዎች ያልተዋጠ ነገር ነበር፣ ግን ምክንያት አለኝ። ብርድ ሰውነት ውስጥ ሲገባ፣ የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ቀድሞ የሚጎዳው ማስተዋል ነው። ንግግሩ የሚጎተት፣ የሚደናቀፍ፣ «ደህና ነኝ ደህና ነኝ» የሚል ሰው ደህና አይደለም። የከፍታ ሕመምም እንዲሁ በራስ ምታትና በማቅለሽለሽ ጀምሮ ሚዛን ወደ መሳት ሊደርስ ይችላል፣ እዚያ ከደረሰ ደግሞ መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ አሁኑኑ። እንዲህ ያለን ሰው «ምክንያትህን አስረዳ» ማለት ፌዝ ነው።

ሠንጠረዡ ውስጥ ሦስት አዲስ መስመሮችም ገቡ። አንድ ትርፍ ቀን ጨነቅ ላይ፣ በሩ ከዘጋብን በማግስቱ እንድንሞክር። አንዲት ምንም የማትጫን በቅሎ፣ ለታመመ ሰው። ለስካውቱና ለበቅሎ ነጂዎቹ የታሰበው ቀን ሙሉ ክፍያ፣ ብንሻገርም ብንመለስም፣ ይሄም ከመነሳታችን በፊት በግልጽ እንዲነገራቸው። አዘጋጆች ይሄን የመጨረሻውን ፖስተራቸው ላይ ቢጽፉት እኔ በበኩሌ ፎቶግራፈሩን ትቼ ለሱ እከፍላለሁ።

የመንገዱ ሰላም ነገር ከዚህ ሁሉ በፊት ነው፣ ረጅም ማብራሪያም አያስፈልገውም። ያለፉት ዓመታት ሰሜን ጎንደር ላይ ያሳለፉትን ሁላችንም እናውቃለን። ደባርቅ ያለ የሚታመን ሰው ጋር ደውላችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጡ ብር አትሰብስቡ፣ አውሮፕላን ትኬትም አትቁረጡ። እኛም ገና አልቆረጥንም።

ይሄ ሁሉ ግን በነፃ አልመጣም። ሦስቱን መስመሮች ስጨምር የሰው ድርሻ አንድ አምስተኛ ያህል ጨመረ። በማግስቱ ሁለት ጓደኞቼ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አንደኛው የመጀመሪያ ሥራውን ከጀመረ ስድስት ወር አልሆነውም፣ ቤተሰብ ያግዛል። ሌላዋ «እናንተ ሂዱ፣ ፎቶ ላኩልኝ» አለችኝ። ያመመኝ ይሄኛው ነው፤ ጥንቃቄ ራሱ ዋጋ አለው፣ ዋጋው የሚያስቀረው ደግሞ ሁልጊዜ ኪሱ የሳሳውን ሰው ነው። ርካሹ የሦስት ቀን ፓኬጅ ለምን እንደሚሸጥ አሁን በደንብ ይገባኛል። አዘጋጆቹን ብቻ መኮነን ቀላል ነው፣ ግን ያንን ፓኬጅ የሚገዛው ተራራን ከፌዝ የሚቆጥር ሰው ብቻ አይደለም፤ ሌላውን መክፈል የማይችልም ነው።

ስለዚህ ሠንጠረዡን እንደገና ከፈትኩትና ከላይኛው መስመር ጀመርኩ፣ ከመድረሻው። ራስ ደጀን ለምን? ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነና የአገሪቱ ትልቁ ስለሆነ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለንም። እዚያ ለመድረስ በሩን ሁለት ጊዜ ማለፍ አለብን፣ ስንሄድና ስንመለስ፣ ቢያንስ ሦስት ተጨማሪ ቀን። ቧሂት ጫፍ ደግሞ 4,430 ሜትር ገደማ ነው፣ ከጨነቅ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይኬዳል። በሩ ድረስ እንወጣለን፣ ወደ ጫፉ እንቀጥላለን፣ ማዶውን በዓይናችን እናያለን፣ አንወርድበትም። ከታመመ ሰው መንገዱ ሁሉ ቁልቁል ነው። ዋልያ የሚታየውም እዚያው ጨነቅ አካባቢ ነው፣ ጅብራውም፣ ጭላዳውም። በተረፉት ቀናት ሳንቃ በርና ግጭ ላይ በእግር እናድራለን፣ ሰውነታችንም ይለምዳል። ትርፍ ቀኑና ባዶዋ በቅሎ ሳይነኩ ሒሳቡ ከመጀመሪያው ፕላን በታች ሆነ።

አራት ሰዎች «ታዲያ ምን ዋጋ አለው» ብለዋል። ደጀንን ሳይረግጡ ከስሜን መመለስ ላሊበላ ሄዶ ቤተ ጊዮርጊስን ሳያዩ እንደመመለስ ነው ያለኝም አለ፣ ክርክሩ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የኔን ቀድሜ ተናግሬአለሁ፤ ቧሂት፣ 5 ሰዓት፣ ዘጠኛችንም።